ልብሱ ሲወልቅ ለቅሶ የሆነው ሰርግ

ቤት የምታከራዩ ሰዎች ሁሉ ስሙኝ! ከተከራይ ሁሉ የሚከፋው ሰክሮ የሚገባው አይደለም። ሙዚቃ አስጩኾ ጎረቤት የሚያውከውም አይደለም። ከሁሉም የሚከፋው የኮምፒውተር መምህር ነው... በተለይ ወጣት ከሆነ፣ በተለይ ሥርዓት የሚወድ ከሆነ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማስረዳት የሚወድ ከሆነ! ሰካራሙ ቢበዛ ቢበዛ በር ይሰብራል። የኮምፒውተር መምህሩ ግን ደግ ልቡ ተነሳስቶ፣ “አንድ ጠቃሚ ነገር ልሥራላችሁ” ብሎ፣ ልጃችሁ በቁሟ እንዲለቀስላት ያደርግላችኋል።

ይህን የምለው ሰው ለማማት አይደለም። መምህሩ እኔ ነኝ።

የምኖረው ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ አዴ ሩቂያ ግቢ ነው። “አዴ” እዚህ አገር ለትልቅ ሴት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ስመጣ መጀመሪያ የተማርኩትም ቃል እሱ ነው። አዴ ሩቂያ ግድግዳቸው ላይ ከሰቀሏቸው ሳህኖች አንዱ ትንሽ ቢንጋደድ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። እኔ ደግሞ ጠርዙ የተጣጠፈ ደብተር አላርምም። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ተግባባን። እሳቸው ሳህን ያስተካክላሉ፣ እኔ ጫማዬን በመስመር እደረድራለሁ፣ ልጃቸው ሰሚራ ደግሞ በሁለታችንም ትስቃለች።

ሰሚራ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ቀልደኛ፣ ፈጣን፣ ነገር የማያመልጣት ልጅ ናት። ከከተማው ወጣ ካለችው ከድሬ ጠያራ ገበሬዎች ልጅ ከጀማል ጋር የሰርጓ ቀን ተቆርጦ ነበር።

እንግዲህ እዚህ ላይ የአገሩን ወግ ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም። እዚህ ሰርግ በሰው አፍ ይጠራል። የሙሽራዋ እናት በእግሯ ትሄዳለች፣ በር ታንኳኳለች፣ ትቀመጣለች፣ የቀረበላትን ትቀምሳለች፣ ከዚያ “ልጄን ልድር ነውና ኑልኝ” ትላለች። ሳይጠራ ሰርግ የሚሄድ የለም። ለለቅሶ ግን ማንም አይጠራም። የማን ቤት እንደሆነ መስማት ብቻ ይበቃል፤ የሰማ ሁሉ ይነሳል። ሁለቱንም አብሮ የሚሸከመው አፎቻ ነው። አፎቻ እናንተ ዕድር የምትሉት ዓይነት ማኅበር ነው፤ ለሐዘኑም ለደስታውም ያው ሰው፣ ያው ድስት፣ ያው ምንጣፍ ይወጣል።

እኔ ለዚህ አፎቻ ነው እንግዲህ ድረ ገጽ የሠራሁለት። ማን ጠየቀህ? ማንም!

እስቲ አንድ ጊዜ ሰሌዳው ጋ ልቅረብ። አጭር ነው። (ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ይስቃሉ።)

መኪና ግርግር የሚባለውን የጀጎል መንገድ ታውቁታላችሁ? ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው፣ የስፌት መኪናቸው ቀኑን ሙሉ ግር... ግር... የሚልበትን? እዚያ አንድ ሰው እርቃኑን ቆሟል እንበል። እንበል ነው ያልኩት! ስሙ ይህ ነው፣ ቤቱ እዚህ ነው፣ ቁመቱ ይህን ያህላል። ጌጥ የለ፣ ቀለም የለ። ፕሮግራም የምንጽፍ ሰዎች እንዲህ ያለውን እርቃን መረጃ ከዋናው ኮምፒውተር፣ ከሰርቨር፣ ወደ ስልክ የምንልክበት ጥቅል ጄሰን ይባላል። ኤችቲኤምኤል ደግሞ ልብሱ ነው፤ ቀለሙ፣ አበባው፣ ፊደሉ ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ሥዕሉ የት ይቀመጥ። ተሰፍቶ መስቀያ ላይ የተንጠለጠለው ዝግጁ ልብስ ቴምፕሌት ነው። ሰውየውን ታመጣለህ፣ ታለብሰዋለህ፣ አለቀ።

ብዙዎች ሰውየውን እርቃኑን ልከው ስልኩ ላይ ሲደርስ ያለብሱታል። እኔ ግን ሥርዓት የምወድ ሰው ነኝ! የሰው ስልክ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ መስታወቱ የተሰነጠቀ... የማንም ስልክ እንደፈለገ እንዲያለብስልኝ አልፈለግኩም። ስለዚህ እዚያው ሰርቨሩ ላይ አልብሼ፣ ተኩሼ፣ ክራባት አስሬ፣ ከነሙሉ ልብሱ ጄሰን ውስጥ ጠቅልዬ መላክ ጀመርኩ። ስልኩ ምንም አያስብም፤ የመጣለትን ያሳያል። ነገ የአበባውን ቀለም ልቀይር ብል አንድ ቦታ እቀይራለሁ፣ የሁሉም ይቀየራል። ብልህ አይደለሁም?

ለእኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ችግሩ ከአፎቻው አባላት ግማሹ የያዙት ባለ ቁልፏን ትንሽ ስልክ መሆኑ ነው። እሷ ደግሞ ከጽሑፍ በቀር ሌላ አታሳይም። ናስር የተባለ የፊዚክስ መምህር ባልደረባ አለኝ፤ ስልክ ነክ ነገር ሁሉ ከእጁ አይወጣም። የእኔን ጄሰን ተቀብሎ ለትንንሾቹ ስልኮች በአጭር መልእክት የሚያስተላልፍ ፕሮግራም እንዲሠራልኝ ለመንኩት። ሊሠራ ቁጭ አለና ወዲያው ጭንቅላቱን ያዘ።

“ቲቸር፣ ሰውየውን ስጠኝ፤ ልብሱን ተወው።”

“እርቃኑን ሰው ምን ያደርግልሃል?”

“አንተ የምትልክልኝ እኮ ከኮቱ ጋር የተሰፋ ሰው ነው! ትንሿ ስልክ ውስጥ ኮት አይገባም።”

“ታዲያ ግፈፈው።”

“ልግፈፈው?”

“በሹል ቅንፎቹ መካከል ያለውን ሁሉ ጣል። ልብሱ እሱ ነው። የሚቀርህ ጽሑፍ ነው፤ እሱን ላክ። ቆይ ላስረዳህ...”

“አታስረዳኝ፤ ክፍል አለብኝ።”

“አጭር ነው።”

አጭር አልነበረም። ክፍሉ ቀረበት።

ሁለት ልብስ ሰፍቼ ነበር። የሐዘኑ ግራጫ፣ ጨዋ፣ ዝም ያለ። የሰርጉ ግን... የሰርጉን ባያችሁት! ዳር ዳሩን አበባ፣ መሀሉን አበባ። ከላይ “የሰርግ ጥሪ፣ እንኳን ደስ አላችሁ” የሚል ጽሑፍ አለው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፊደል ለሰርግ አይመጥንም ብዬ፣ ጽሑፉን በገዛ እጄ በወርቅማ ቀለም ሥዬ፣ እንደ ሥዕል አድርጌ ነው ያስገባሁት። ስንት ምሽት እንደፈጀብኝ አትጠይቁኝ።

አሁን ልብ በሉልኝ። “ሰርግ” የሚለው ቃል ያለው ሥዕሉ ላይ ብቻ ነው። ሥዕሉ ያለው ልብሱ ላይ ነው። ሰውየው ላይ፣ ማለትም መረጃው ላይ ያለው ስም፣ ቤትና ቀን ብቻ ነው። ገባችሁ? እኔ መምህራችሁ አልገባኝም ነበር!

ያልገባኝ ደግሞ በምክንያት ነው። ከሰርጉ በፊት አፎቻው ውስጥ ለቅሶ ገጥሞ ነበርና በእኔው ድረ ገጽ ተላለፈ። ትንንሾቹ ስልኮች ላይ የደረሰው ስም፣ ቤትና ሰዓት ብቻ ነበር። ሰዉ ሁሉ በሰዓቱ፣ በቤቱ ተገኘ። የአፎቻው ሰብሳቢ አው ዩሱፍ (“አው” ደግሞ ለትልቅ ወንድ ነው) ትከሻዬን መታ መታ አድርገው “ባረከላህ ቲቸር! እግራችንን አሳረፍከው” አሉኝ። እኔም ያንን ምርቃት ተቀብዬ ለሳምንት ያህል መሬት ሳልነካ ሄድኩ። ናስርን መንገድ ላይ ባገኘሁት ቁጥር “ግፈፈው አላልኩህም?” እለው ነበር።

ከዚያ የአዴ ሩቂያ ጉልበት አመማቸው።

ሰርጉ ሊደርስ ነው፣ ቤት ለቤት የሚጠሩት ሰው ብዙ ነው፣ የጀጎል መንገድ ደግሞ ታውቁታላችሁ... ወይ ሽቅብ ነው ወይ ቁልቁል ነው፤ ደልዳላ የሚባል ነገር የለውም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ጉልበታቸውን ሲያሹ አየኋቸውና ደጉ ልቤ ተነሳ።

“አዴ፣ እኔ እልክልዎታለሁ። በአንድ ጊዜ ለሁሉም ይደርሳል።”

“ሰርግ በስልክ?” ጉልበታቸውን ማሸት ተዉ። “ወላሂ ሰው ምን ይለኛል! ‘ሩቂያ አንድ ልጇን ስትድር እግሯን ሰሰተች’ ነው የሚለኝ።”

“እስቲ መጀመሪያ ካርዱን ይዩት።”

ስልኬን ሰጠኋቸው። አበባው ሲፈነጥቅ ፊታቸው ላይ ወርቅማ ብርሃን ያረፈ መሰለኝ።

“መሻአላህ...!” ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ ደግሞ አራቁ። “ይህ ሁሉ እንዲህ እንዳማረ ለሁሉም ይደርሳል?”

“ለሁሉም!” አልኩ አፌን ሞልቼ።

ሰሚራ ከውስጥ ሆና “ኡሚ፣ እሺ በይው እንጂ! በሰርጌ ቀን አንካሳ እናት ልታስይዢኝ ነው?” አለቻቸው። አዴ ሩቂያ ትንሽ አመነቱና “እንግዲህ... ቢስሚላህ” አሉ። ሐሙስ ቀትር ላይ “ላክ” የሚለውን ተጫንኩ። የእኔ ስልክ ላይ አበባው ፈነዳ። ደስ እያለኝ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ የሰፈራችን መግቢያ ላይ ሆኜ ጩኸት ሰማሁ። የማን ቤት ይሆን? እያልኩ ስቀርብ ጩኸቱም ቀረበ። የግቢያችን በር ላይ ስደርስ ጫማው ተቆልሏል... በመስመር እንኳን አልተደረደረም!

ውስጥ ያለውን ልንገራችሁ። መደቡ ላይ ሴቶች ጌጣቸውን አውልቀው፣ ሻሻቸውን ዝቅ አድርገው ተቀምጠዋል። መሀል ላይ አዴ ሩቂያ ከሁሉም በላይ ያለቅሳሉ። ኋላ ሲነግሩኝ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጉልበታቸውን እያሹ ተቀምጠው ሳለ ጎረቤቶቻቸው እያለቀሱ ገብተው አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙ። አዴ ሩቂያ አንድ ዘመዳቸው እንደሞተ ገባቸው። ማን እንደሆነ ግን አያውቁም። ለቅሶ መሀል “ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?” ብሎ መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ማንነቱ እስኪታወቅ አብረው ማልቀስ ጀመሩ! ቀስ በቀስ በልባቸው ዘመዶቻቸውን አንድ በአንድ እየቆጠሩ፣ ለእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ አለቀሱለት።

አው ዩሱፍ ግን ቆመዋል። ተቆጥተዋልም።

“ሩቂያ፣ ሐዘንሽ ሐዘናችን ነው። ግን ቀብሩን ለምን ደበቅሽን? አፎቻ ሳይኖር፣ እንደ መንገደኛ? እኛ ምንሽ ነን?”

አዴ ሩቂያ እንባቸውን ጠርገው ቀና አሉ። “ቀብር...? የማ...” ብለው ሊጠይቁ ሲሉ የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። ሰሚራ ናት። ሂና ተቀብታ እንዲደርቅላት ተቀምጣ ነበርና በተረከዟ ብቻ እየረገጠች፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ እንደ ዳክዬ እየተንገዳገደች ወጣች።

“ኡሚ፣ ማን ሞተ?”

ልቅሶው ተቋረጠ። አው ዩሱፍ ጣታቸውን ቀስ ብለው አነሱ።

“አንቺ!”

“እኔ?”

“አንቺ ነሻ!”

“መቼ?”

“እኛ ምን እናውቃለን! ቀብሩን እኮ ነው የምጠይቀው!”

ከዚያ ትንሿ ስልካቸው ከኪሳቸው ወጣች። መልእክቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። “ሰሚራ አብዱላሂ። አዴ ሩቂያ ቤት። እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት።” ይኸው ነው። አበባ የለ፣ ወርቅ የለ፣ ደስ አላችሁ የለ። ናስር በትእዛዜ መሠረት ገፎታል! የአፎቻ መልእክት፣ የሰው ስም፣ የቤት ስም፣ ሰዓት... በዚህ ከተማ ይህ ሲደርሳችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚገባችሁ። (አበባው የደረሳቸው ባለ ትልቅ ስልኮቹማ እሑድን እየጠበቁ ቤታቸው ተቀምጠዋል።)

“እሑድ ለነፍስሽ የሚደረገው ዱዓ መስሎን ነው እኮ” አለች አንዷ እያፈረች።

በዚህ ጊዜ ዓይን ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።

“አንድ ጊዜ ላስረዳችሁ...”

“እንዳታስረዳ!” አለች ሰሚራ።

አንዲት ሴት ፈገግ አለች። ሌላዋ ሻሿን አፏ ላይ ያዘች። ከዚያ ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ፤ አዴ ሩቂያ ልጃቸውን ሂናዋ ላይ እንዳለች አቅፈው ይስማሉ፣ ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ከሁሉም መሀል እኔን በዓይናቸው ይፈልጋሉ። ነገሩ በዚሁ በሳቅ የሚያልቅ መስሎኝ ቀስ ብዬ ወደ ክፍሌ ልሸሽ ስል... ከውጭ ሌላ ጩኸት መጣ።

የሙሽራው እናት አዴ መይሙና! ለካ መልእክቱ የደረሳት አንዲት የአፎቻችን አባል ደውላ “ወይኔ ልጃችሁ!” ብላቸዋለች። የድሬ ጠያራን ሴቶች ኢሱዙ ላይ ጭነው፣ መኪናው ጀጎል ውስጥ አይገባምና ከበሩ ጀምሮ በእግራቸው እያለቀሱ መጥተዋል። ረጅም፣ ግርማ ያላቸው ሴት ናቸው። ገብተው ሰሚራን ሲያዩ ባሉበት ቀሩ። ዳሰሷት። ፊቷን፣ ትከሻዋን። ቀጥሎ አቅፈዋት “አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!” እያሉ አለቀሱ። ሁላችንም አለቀስን። እኔም ጭምር።

ግን አዴ መይሙና እንባቸውን ሲጨርሱ አልሳቁም። መደቡ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን አጣጥፈው እንዲህ አሉ፦

“ሞቷን ሰምተናል፣ አልቅሰናል። የወረደ እንባ ወደ ዓይን አይመለስም። እንባው ሳይደርቅ ከበሮ አልመታም። ሰርጉ ለሌላ ጊዜ ይሁን።”

ቤቱ በረደ። አዴ ሩቂያ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ግድግዳው ላይ አንድ ሳህን ተንጋዶ ነበር፤ ቀና ብለው አዩትና ሳያስተካክሉት ቀሩ። ሙሽራው ጀማል ፈቃድ የተሰጠው ለዚያች እሑድ ብቻ ነበር፤ የሚሠራው ሩቅ ነው። “ሌላ ጊዜ” ማለት መቼ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ሰሚራም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣች።

አው ዩሱፍ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “መይሙና፣ ሞቷን ማን ነገረሽ?”

“ስልክ ነዋ።”

“ሰው ነግሮሻል? ‘ሞተች’ የሚል ቃል ከሰው አፍ ወጥቷል?”

“እ... ‘ወይኔ’ ነው የተባልኩት።”

“እንግዲህ ሰው አልነገረሽም። የዕቃ ወሬ ነው።”

አዴ መይሙና ብዙ አሰቡ። ሰሚራን አዩ፤ ሂናዋ በእናቷ እቅፍ ተበላሽቶ እስከ ክርኗ ደርሷል። ትንሽ ፈገግ ሊሉ ሲሉ ያዙት።

“መልካም። ዕቃ ያበላሸውን ሰው ያስተካክል። ሞቷን የሰማ ሁሉ ሰርጓን ከሰው አፍ ይስማ። ከእሑድ በፊት፣ ቤት ለቤት፣ እንደ ወጉ። አንድ ቤት እንኳን ከቀረ አልመጣም። የሚጠራውም” አሉና ጣታቸው እኔ ላይ አረፈ፣ “ይኼ ነው።”

ዓርብ ከክፍል መልስ ወጣሁ። ለአክብሮት ብዬ ያለኝን አንድ ጥቁር ሱፍ ለበስኩ፣ ጥቁር ክራባት አሰርኩ፣ ጫማዬን አብረቀረቅኩ። ናስር ጥፋቱ ግማሹ የእኔ ነው ብሎ አብሮኝ ወጣ። የመጀመሪያውን በር አንኳኳሁ። አንዲት እናት ከፈቱ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ... ጥቁር ሱፍ፣ ጥቁር ክራባት፣ ድካም የወረረው ፊት፣ የአፎቻው ቲቸር...

“ያ ረቢ! አሁን ደግሞ ማን?” ብለው ደረታቸውን ያዙ።

“ኧረ ሰር... ሰርግ ነው!”

ለማረጋጋት ውኃ አመጣንላቸው፣ በገዛ ቤታቸው። ስንወጣ ናስር መንገዱ መሀል ቆሞ ግድግዳ ተደግፎ ይስቅ ጀመር።

“ምን ያስቅሃል?”

“መረጃው ትክክል ነው። ልብሱ ነው የተሳሳተው።”

ተመልሰን ለሰሚራ ነገርናት። ምንም ሳትናገር ጓዳ ገብታ ለሰርጉ ከተዘጋጀው መሀል አንድ የሚያብረቀርቅ ብርቱካናማ ሻሽ ይዛ መጣች። ዘርፉ ወርቃማ ነው። አንገቴ ላይ ጠመጠመችው፣ ትንሽ ራቅ ብላ አየችኝና “አሁን አበባውን መሰልክ” አለች። ለናስር ደግሞ ከበሮ ሰጠችው።

በዚያ ሻሽ ነው እንግዲህ፣ እኔ የመንግሥት መምህር፣ በአቦከር ሽቅብ፣ በመኪና ግርግር ቁልቁል፣ ተማሪዎቼ ቆመው እያዩኝ የዞርኩት። ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን አቁመው “ቲቸር፣ ጨርቁ ስንት ነው?” ይሉኛል። አንድ ሕግም አወጣሁ፦ ሰላምታ ቀጥሎ ይደርሳል፣ የጥሪው ዓይነት ይቀድማል! በር ከማንኳኳቴ በፊት ከውጭ ሆኜ “ሰርግ ነው!” ብዬ እጮኻለሁ፤ ከዚያ “አሰላሙ አለይኩም” እላለሁ። በየቤቱ ካልተቀመጥክ ተባልኩ። በየቤቱ ሐልዋ፣ በየቤቱ ቴምር፣ በየቤቱ ሻይ... ሆዴ ከበሮውን ሊያክል ደረሰ። በየቤቱም “ለመሆኑ እንዴት ሆኖ ነው እንዲህ የሆነው?” ብለው ይጠይቁኛል። ታውቁኛላችሁ! ልብ ብዬ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ስለ ሰውየውና ስለ ልብሱ ላስረዳ ስል ናስር ከበሮውን ይመታል።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ጨረስን። አዴ ሩቂያ ፊት ስሞቹን አንድ በአንድ ጠራሁ። ሰሚራ አዳመጠችኝና ራሷን ነቀነቀች።

“አንድ ቤት ቀርቷል።”

“ኧረ የለም! ሁሉንም...”

“ሞቴን የሰማ ሁሉ ነው የተባለው። አዴ መይሙናስ?”

እኔና ናስር ተያየን። ባጃጅ ይዘን እስከ መንገዱ መጨረሻ ሄድን፤ ከዚያ ወዲያ በጫትና በማሽላ ማሳ መሀል በእግር። ብርቱካናማው ሻሽ ከሩቅ ስለሚታይ ገበሬው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ያየናል። የአዴ መይሙና ቤት ተዘግቷል። በሩ ፊት ቆምኩና ጮኽኩ፦

“ሰርግ ነው!”

ዝም። ናስር ከበሮውን አንዴ መታው። ዝም... ከዚያ በሩ ተከፈተ። አዴ መይሙና ለሰርግ የሚለብሱትን ለብሰው፣ ቆመው ይጠብቁን ነበር።

“ብትረሳኝ ኖሮ” አሉ፣ “አልመጣም ያልኩት እውነቴን ነበር።”

እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ የአዴ ሩቂያ ቤት ሳህኖች ሁሉ ቀጥ ብለው ተሰቅለው ነበር፣ ሰሚራ ተዳረች፣ ከበሮውን መጀመሪያ የመቱት አዴ መይሙና ናቸው። ጫማዎቹን በመስመር የደረደርኩት እኔ ነኝ።

ፕሮግራሙንም አስተካከልኩ። ልብሱን አሁንም ሰርቨሩ ላይ ነው የማለብሰው፤ አበባዬን ለማንም አልሰጥም! ግን ከልብሱ ጎን ሰውየው እርቃኑን ይላካል፤ ከሁሉም መጀመሪያ ደግሞ “ዓይነት” የሚል ቃል ይቀመጣል፤ ሰርግ ነው ወይስ ለቅሶ። ለማስተካከል ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። በሰፈር የወጣልኝ ስም ግን እስከ ዛሬ አልተስተካከለም፤ ክፍል ስገባ ከኋላ ወንበር “ሰርግ ነው!” የሚል ድምፅ ይሰማል።

ባለፈው ሰሞን ታዲያ ስልኬ ጮኸች። አጭር መልእክት። ላኪዋ አዴ መይሙና ናቸው።

“ቲቸር። መይሙና ቤት። ቅዳሜ ቀትር።”

ይኸው ነው! ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ደግሜ ደወልኩ፤ የለም። ናስርን ጠራሁት። መልእክቱን አየ፣ አገላብጦ አየ፣ ጺሙን አሸት አሸት አደረገ።

“ዓይነቱ አልተጻፈም” አለኝ።

“እሱን እኔም አይቻለሁ! ምን ልልበስ?”

ትከሻውን ነቀነቀ። ቅዳሜ ጥቁሩን ሱፍ ለበስኩ፤ ብርቱካናማውን ሻሽ አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ። በሩ ሲከፈት ፊታቸውን አይቼ እወስናለሁ አልኩ። በማሳው መሀል አልፌ፣ በሩ ፊት ቆሜ፣ አንዱ እጄ ክራባቴ ላይ፣ አንዱ ኪሴ ውስጥ፣ ለማንኳኳት ገና ትንፋሼን ስሰበስብ ከውስጥ የአዴ መይሙና ድምፅ መጣ፦

“ምሳ ነው!”